ልጅ በአምቡላንስ ሲወሰድ ወላጅ ምን ይጠብቀዋል?

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄን ትኩሳት ይዟት አንድ ጊዜ አንቀጥቅጧታል። ዳግመኛ ቢነሳባትና አምቡላንስ ብጠራ ከእቅፌ ይወስዱብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የእኔንም ልጅ በዚያው ዕድሜ አንቀጥቅጦታል። ስልኩን ያነሳችው ሴት መጀመሪያ ያለሁበትን ቦታ፣ ቀጥላ «ይተነፍሳል? ስንት ደቂቃ ሆነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰዓት አላየሁም ነበር፤ አንቺ ግን እዪ! ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ የግድ ነው። በጎኗ አስተኚያት፤ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቺ። ባለሙያዎቹ እንደደረሱ ይዘውት የሚሮጡ መስሎኝ ነበር። እነርሱ ግን ወለሉ ላይ ተንበርክከው ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረጉ፤ የደም ስኳሩን ለኩ። ያ መዘግየት አንጀቴን አቃጠለው፤ ለካ ሕክምናው የተጀመረው እዚያው ኖሯል። አብሬው ሄድሁ። እርሱ አልጋው ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ እኔ እጁን ይዤ። መኪናው ድንገት ቢቆም እቅፍ ልጅን አያድንም።

ሌላ መልስ፦ ብዙ ጊዜ አብሮ እንዲሄድ የሚፈቀደው ለአንድ ወላጅ ነው። ሌላው በመኪና ሲከተል፣ እባካችሁ፣ አምቡላንሱን ለመያዝ አይሽቀዳደም። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ያዢ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የግድግዳውን ሰዓት ዛሬውኑ ከአልጋዋ ፊት ለፊት እሰቅለዋለሁ።