ሳይ ያንግ ለማን ይገባል? ብዙ ለተሸከመ ወይስ ጥቂት ወርውሮ ለበለጠ?

የፊሊስ ደጋፊ፦
ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሳይ ያንግ የሚባለው ሽልማት በሁለቱ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊጎች፣ በናሽናልና በአሜሪካን፣ ለየሊጉ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ሲሰጥ፣ በወቅቱ የወረወረው የኢኒንግ (ሦስት መቺዎች እስኪወጡ የሚቆይ ዙር፤ ሙሉ ጨዋታ ዘጠኝ ነው) ብዛት ምን ያህል ይመዝን? እኔ ከሚገባው በታች እየተመዘነ ነው እላለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

በ2021 በናሽናል ሊግ የሚልዋኪው ኮርቢን በርንስ 167 ኢኒንግ ወርውሮ በየዘጠኝ ኢኒንጉ በአማካይ በራሱ ጥፋት 2.43 ነጥብ ተቆጠረበት። የፊላደልፊያ ፊሊሱ ዛክ ዊለር 213 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ወርውሮ 2.78 ተቆጠረበት። ከ30ዎቹ መራጭ ጋዜጠኞች 12ቱ በርንስን፣ 12ቱ ዊለርን፣ ስድስቱ ማክስ ሸርዘርን አንደኛ አደረጉ። የቀሩት ደረጃዎች ሲደመሩ በርንስ 151 ለ141 አሸነፈ። በሁለቱ መካከል ያለው የ46 ኢኒንግ ልዩነት ከአምስት ሙሉ ጨዋታ ይበልጣል። ያን ሥራ ሚልዋኪ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ሠርተውታል፤ ዋንጫው ግን ለበርንስ ሄደ።

የዚያን ዓመት ሴፕቴምበር 11 ክሊቭላንድ ላይ የሆነውን አስታውሱ። በርንስ በስምንት ኢኒንግ አንድም ምት ሳያስመታ 14 መቺዎችን በስትራይክአውት (መቺው ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ሲወጣ) አስወጣ። ታሪክ ሊሠራ ሦስት ሰው ብቻ ሲቀረው ዘጠነኛውን ኢኒንግ ጆሽ ሄደር ወረወረ። ጨዋታው የሁለቱ ሆኖ ተመዘገበ። ሽልማቱ ስሙን የወሰደው ደግሞ 7,356 ኢኒንግ ከወረወረና የጀመራቸውን 749 ጨዋታዎች ራሱ ከጨረሰ ሰው ነው። ሳይ ያንግ በ1955 መጨረሻ አርፎ በማግስቱ ዓመት ሽልማቱ ሲጀመር፣ ጀምሮ የሚጨርስ ወርዋሪ ገና ብርቅ አልነበረም።

የሒሳብ መምህር፦
ወንድሜ፣ ያመጣኸውን ቁጥር ራሱን እንቀንሰው። በዊለር ላይ በራሱ ጥፋት የተቆጠረው ነጥብ 66 ነው፤ በበርንስ ላይ 45። ልዩነቱ 21 ነው። ዊለር በትርፍ የወረወራቸው 46 ኢኒንጎች ላይ 21 ነጥብ ስታካፍል በየዘጠኙ ኢኒንግ ከ4 በላይ ይመጣል። ይህ የመካከለኛ ወርዋሪ ውጤት ነው። ስለዚህ የዊለር ዓመት ማለት የበርንስ ዓመት ሲደመር አንድ መካከለኛ ወርዋሪ ማለት ነው። መካከለኛ ወርዋሪ ደግሞ በየቡድኑ አለ። እንደ በርንስ 234 በስትራይክአውት አስወጥቶ 34 ብቻ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ የሚያሳልፍ ሰው ግን ከየት ይመጣል? የምንመርጠው ምርጡን እንጂ ታታሪውን አይደለም።

የድሮ ሰው ከዋሽንግተን፦
መምህር፣ ስሌትህ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ዘሎአል። በርንስ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ስድስት ኢኒንግ ያህል ወረወረ፤ ዊለር ከስድስት ተኩል በላይ። ያች ትርፍ ከፊል ኢኒንግ ቀላል አይደለችም። በዚያ ሰዓት ያው መቺ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣል፤ ወርዋሪው ያለውን ሁሉ ቀደም ብሎ አይቶበታል፤ ክንድም ዝሏል። ከዚያ በፊት የወጣ ሰው አማካዩ ቢያምር ምን ይገርማል?

ዋሽንግተን ከ1972 እስከ 2004 የራሷ ቡድን አልነበራትም። እኛ ያኔ ተማሪ የነበርን ሐበሾች ቤዝቦል ማየት ሲያምረን ወደ ባልቲሞር ነበር የምንሄደው። ጂም ፓልመር በ1975 ሳይ ያንግን ሲወስድ 323 ኢኒንግ ወርውሮ 25 ጨዋታ ራሱ ጨርሷል፤ በአሥሩ ደግሞ አንድም ነጥብ አላስቆጠረም። በስምንተኛው ኢኒንግ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ሜዳው ሲወጣ ስታዲየሙ ያሰማ የነበረውን ድምፅ ዛሬ አልሰማውም። አሠልጣኙ ተጠባባቂዎቹን ሲያማሟቅ ማየት ለወርዋሪው እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር።

የሲያትሏ፦
ጋሼ፣ የእርስዎን ዘመን አከብራለሁ፤ እኔ ያደግሁት በፊሊክስ ሄርናንዴዝ ነው። በ2010 ሲያትል 101 ጨዋታ ተሸነፈች። ፊሊክስ ወደ 250 የሚጠጋ ኢኒንግ ወርውሮ አማካዩ 2.27 ነበር፤ በስሙ የተመዘገበለት ግን 13 ድልና 12 ሽንፈት ብቻ ነው፤ ቡድኑ ነጥብ አያገባለትም ነበርና። የኒው ዮርኩ ሲሲ ሳባቲያ 21 ድል ነበረው። መራጮቹ «ድል የወርዋሪው ብቻ አይደለም» ብለው ሽልማቱን ለፊሊክስ ሰጡት። ያ ቀን ለእኛ ትልቅ ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ የኒው ዮርክ ሜትሱ ጄኮብ ዲግሮም በ2018 በ10 ድል፣ የፒትስበርጉ ፖል ስኪንስ በ2025 በ10 ድልና በ10 ሽንፈት ወስደውታል፤ ስኪንስማ በሙሉ ድምፅ።

አሁን የምፈራው ይህን ነው። ድልን የጣልነው በሌላ ሰው እጅ ስለሆነ ነው። ኢኒንግስ ዛሬ በማን እጅ ነው? በርንስን ከስምንተኛው በኋላ ያስወጣው አሠልጣኙ ነው። በዚያ ዓመት ሚልዋኪ በስድስት ወርዋሪዎች ተራ ነበር የምትጫወተው፤ አብዛኞቹ ቡድኖች ግን በአምስት ነበሩ። ተራው የዘገየበት ሰው በራሱ ፈቃድ አላነሰም። ኢኒንግን ሚዛን ካደረግን ወርዋሪውን በአለቃው ውሳኔ ልንቀጣው ነው።

ፊዚዮቴራፒስት፦
እኔ ከሙያዬ አንጻር አጭር ነገር ልበል። በ2022 የማያሚው ሳንዲ አልካንታራ 228 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ወርውሮ፣ ስድስት ጨዋታ ራሱ ጨርሶ በሙሉ ድምፅ ሳይ ያንግን ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት የክርኑ ጅማት ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ 2024ን በሙሉ አልወረወረም። የጉዳቱ ምክንያት ያ ዓመት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ አንድም ኢኒንግ ሳይበዛባቸው የተጎዱ ወጣቶች አሉ። ቢሆንም «ብዙ የወረወረ ይሸለም» ስትሉ ለሃያ አምስት ዓመት ልጅ ምን እንደምታስተምሩ አስቡት። ሳንዲ ኮፋክስ በ1966 በ323 ኢኒንግ ሦስተኛውን ሳይ ያንግ ወስዶ፣ በዚያው ዓመት በክርን ሕመም ምክንያት በ30 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

ከኦሳካ፦
ጃፓን ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ መልሳዋለች። የሳዋሙራ ሽልማት በ1947 የተጀመረ ነው፤ ከሳይ ያንግ ይቀድማል። መመዘኛዎቹ ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ እስከ 2024 እነዚህ ነበሩ፦ 25 ጨዋታ፣ 15 ድል፣ 10 ጨዋታ ጀምሮ መጨረስ፣ 200 ኢኒንግ፣ 150 ስትራይክአውት፣ ከ2.50 ያልበለጠ አማካይና ከመቶ 60 ድል። ሁሉን ማሟላት ግዴታ አይደለም፤ የቀድሞ ወርዋሪዎች ያሉበት ኮሚቴ ይመዝናል። የሚገባው ሰው ከጠፋ ግን ሽልማቱን ይነፍጋል። በ2019 አልሰጠም፤ በ2024ም አልሰጠም።

እዚህ የሚኖር ሰው እንደመሆኔ፣ ይህን መከልከል እደግፋለሁ። ሽልማት በየዓመቱ የግድ መሰጠት አለበት ያለው ማነው?

የሒሳብ መምህር፦
ዛሬ በጃፓንም ቢሆን አሥር ጨዋታ ጀምሮ የሚጨርስ ወርዋሪ ለማግኘት እየተቸገሩ ነው። ጨዋታው ተለውጦ ሚዛኑ ካልተለወጠ ኮሚቴው የሚነፍገው ሽልማቱን ሳይሆን ዘመኑን ነው።

የፊሊስ ደጋፊ፦
እህቴ ከሲያትል ያነሣችው ከሁሉም የከበደኝ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ልጀምር። ድልና ኢኒንግ እኩል አይደሉም። ፊሊክስ የቡድኑ መቺዎች ነጥብ እንዲያገቡ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር። ወርዋሪ ግን በሜዳ ላይ ለመቆየት የሚያደርገው አለ፦ በጥቂት ውርወራ ሰው ማስወጣት፣ በነጻ አለማሳለፍ፣ ሲደክም በኃይል ሳይሆን በቦታ ምርጫ መወርወር። አሠልጣኙ ዊለርን በስምንተኛው የሚተወው በእነዚህ ስለሚያምነው ነው።

የመምህርንም ስሌት አየሁት። ያ «መካከለኛ ወርዋሪ» ከሰማይ አይወርድም። ሜዳ የሚገባው ትናንት የወረወረና ነገም የሚፈለግ ተጠባባቂ ነው። ዊለር ሲቆይ አርፈው የሚያድሩት እነሱ ናቸው፤ የዚያ ዕረፍት ጥቅም በዊለር ስም የትም አይጻፍም።

የሲያትሏ፦
እሺ፣ ወሰኑን ንገረኝ። 180 ነው? እንግዲያውስ ብሌክ ስኔል በ2018 በአሜሪካን ሊግ ያሸነፈው በ180 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ነው። ወሰኑን ያለፈው ሁለት መቺ ብቻ በትርፍ አስወጥቶ ነው ማለት ነው። 179 የወረወረ ይወድቃል? 200 ካልክ ስኪንስም በ2025 ይወድቃል፤ 200 አልሞላም። በዚያ ዓመት ከእሱ የተሻለ ወርዋሪ በናሽናል ሊግ አየህ?

የፊሊስ ደጋፊ፦
አላየሁም። ወሰን ይቀመጥ የሚለውን ትቼዋለሁ፤ ከኦሳካው ወዳጄ ጋርም በዚህ እለያለሁ። የምጠይቀው ይህን ነው። የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ለሚመርጡ ጋዜጠኞች የሚላከው ደብዳቤ፣ ተጫዋቹ የተሰለፈባቸውን ጨዋታዎች ብዛት እንዲያዩ በግልጽ ይነግራቸዋል። ለሳይ ያንግ መራጮችም «የወረወረው ኢኒንግ ብዛት» የሚል አንድ መስመር ይጻፍላቸው። ገና ደመወዛቸው ዝቅተኛ ለሆነ ወጣቶች ይህ ድምፅ የገንዘብም ጉዳይ ነው፤ ከ2022ቱ ስምምነት ወዲህ እንዲህ ያለ ወጣት ሳይ ያንግን ቢያሸንፍ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። በምን እንደሚመዘን አስቀድሞ ማወቅ መብቱ ነው።

የድሮ ሰው ከዋሽንግተን፦
ይህን እቀበላለሁ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ይጻፍ።

የሒሳብ መምህር፦
መስመሩ ይጻፍ፤ አልቃወምም፣ ጋሼ። መጀመሪያ ላይ መሆኑን ግን እቃወማለሁ። እኔ መራጭ ብሆን ያን መስመር አንብቤም በ2021 የምጽፈው በርንስን ነው፤ ወቅቱን ሙሉ ከወረወሩት መካከል በአንድ ኢኒንግ እሱን የሚያክል በዚያ ዓመት አልነበረምና።