የጂ9ኤን ዒላማዎች ብቻ ምልክት የሚያደርግ የሳም አናሎግ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሰው ሴል ካሉት ከ200 በላይ ሜቲልትራንስፌሬዞች (ሜቲል የተባለውን ትንሽ ቡድን ከሳም፣ ማለትም ከኤስ-አደኖሲል ሜታዮኒን፣ ወስደው ወደ ሌላ ሞለኪውል የሚያስተላልፉ ኢንዛይሞች) ውስጥ ጂ9ኤ የተባለው ሜቲል የሚያደርግባቸውን ፕሮቲኖች፣ ዒላማዎቹን፣ ብቻ መለየት እፈልጋለሁ። በሳም ሜቲል ፈንታ ፕሮፓርጂል (ሦስትዮሽ ቦንድ ያለው አጭር ሰንሰለት) አስገብቼ ከተፈጥሯዊው ጂ9ኤ ጋር በፒኤች 8 ለ4 ሰዓት ባቆየውም፣ ከክሊክ (ሦስትዮሽ ቦንዱን በመዳብ አማካኝነት ከሚታይ ቀለም ጋር ከሚያያይዘው ሪአክሽን) በኋላ ጄሉ ላይ ሲግናል የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ከኮፋክተሩ (ቡድኑን ከሚሰጠው የሳም አናሎግ) ነው ወይስ ከኢንዛይሙ?

መልስ፦
ከሁለቱም። ፕሮፓርጂል ሳም በፒኤች 8 ቶሎ ይበላሻል፤ ከሰልፎኒየሙ (ፖዘቲቭ ቻርጅ ካለው ሰልፈር) አጠገብ ያለው ካርቦን ፕሮቶኑን ይለቅና ሦስትዮሽ ቦንዱ ወደ አሊን (ሁለት ተከታታይ ድርብ ቦንድ) ይዞራል፣ ከዚያ ውኃ ይገባበታል። በሰልፈሩ ቦታ ሴሊኒየም ያለበት ይሻላል፤ ግን ብዙ ተፈጥሯዊ ኢንዛይሞች ስለሚቀበሉት ለእርስዎ ዓላማ አይሆንም። ለመምረጥ የሚተላለፈው ቡድን መተለቅ፣ የኢንዛይሙም ኪስ አብሮ መስፋት አለበት። ጂ9ኤ ላይ ታይሮሲን 1154ን (በ1154ኛው ቦታ ያለውን ትልቅ አሚኖ አሲድ) በትንሹ በአላኒን ይተኩና ሄክስ-2-ኤን-5-አይኒል ሳም (ድርብና ሦስትዮሽ ቦንድ ያለው ረዘም ያለ ሰንሰለት የተሸከመ ሳም) ይስጡት። ድርብ ቦንዱን እንዳይተዉት፤ የኤስኤን2 ሽግግሩን (ቡድኑ ከሰልፈሩ ሲለቅ በአንድ እርምጃ ወደ ዒላማው የሚያልፍበትን) የሚያግዘው እሱ ነው። እንደ ፕሮፒል ያለ ተራ ሰንሰለት እጅግ ይዘገያል። ያልተለወጠው ኢንዛይም በዚሁ ኮፋክተር ምንም አለማሳየቱ ዋናው ኮንትሮል ነው።

መልስ፦
የዚህ ሳም ሲንተሲስም (አሠራሩ) ይታይ። 10 ሚሊግራም ኤስ-አደኖሲል ሆሞሲስቴይን (ሜቲሉ የሌለው ሳም) በእኩል ፎርሚክና አሴቲክ አሲድ ይሟሟል፣ የሚገባው ሰንሰለት ብሮማይድ እስከ 100 እጥፍ፣ ከዚያ የብር ጨው ይጨመራል። ከብር ጨዎቹ ትራይፍሌቱን ይምረጡ፤ የብር ፐርክሎሬት ከኦርጋኒክ ነገር ጋር ሲደርቅ ሊፈነዳ ይችላል። አሲዱ አሚኑን ስለሚያስር አልኪሉ ሰልፈሩ ላይ ብቻ ይገባል። ውጤቱ ግን ሁለት ኤፒመር (በሰልፈሩ ዙሪያ ባለው አቀማመጥ ብቻ የሚለያዩ ቅርጾች) ነው፤ ኢንዛይሙ የሚጠቀመው በሰልፈሩ ላይ እንደ ተፈጥሯዊው ሳም የተቀመጠውን ብቻ ነው።

ጠያቂ፦
ኤችፒኤልሲው (ውህዶችን በኮለም ለይቶ የሚለካው መሣሪያ) ግን አንድ ፒክ ብቻ ነው የሰጠው። ንጹሕ ነው ማለት ነው?

መልስ፦
አይደለም። ግራዲየንቱ (የአሴቶናይትራይሉ መጠን አጨማመር) ሲፈጥን ሁለቱ ኤፒመሮች ተደራርበው ይወጣሉ። በሲ18 ኮለም፣ 0.01% ቲኤፍኤ (ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ) ባለበት ውኃ፣ አሴቶናይትራይሉን በጣም በዝግታ ከፍ ያድርጉ። ካልተለዩ በ260 ናኖሜትር የሚለካው ሁለቱንም ይቆጥራል፤ 100 ማይክሮሞላር ያሉት ግማሹ የማይሠራ ሊሆን ይችላል። በአሲዳማው ውኃ እንዳለ በ-80 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስቀምጡ፤ ባፈር ውስጥ የሚገባው ሪአክሽኑ ሲጀምር ነው።

መልስ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። የሚከማቸው ኤስ-አደኖሲል ሆሞሲስቴይን ኢንዛይሙን ያፍናል፤ እሱን የሚሰባብረውን ኢንዛይም፣ ኑክሊዮሲዴዝን፣ ከመጀመሪያው ይጨምሩ። ባፈሩ ውስጥ ያለው ዲቲቲ (ፕሮቲን እንዳይኦክሳይድ የሚጨመር ውህድ) ደግሞ የክሊኩን መዳብ ስለሚይዝ ከክሊክ በፊት ፕሮቲኑን በሜታኖልና ክሎሮፎርም ያዝቅጡ። በሕያው ሴል ከሆነ ግን ኮፋክተሩ ሽፋኑን አያልፍም፤ የሜታዮኒኑን አናሎግ መግበው፣ አይሶሉሲን 117 በአላኒን የተተካበት ማት2ኤ (ከሜታዮኒን ሳም የሚሠራው ኢንዛይም) ኮፋክተሩን ሴሉ ውስጥ እንዲሠራው ማድረግ ነው።