ለሙዚቃ ማስተርስ የት ይሻላል? ጥቆማ

ማስተርስ በሙዚቃ ልቀጥል ግን የት ልግባ ለምትሉ፣ ከትምህርት ቤቱ ስም በፊት አስተማሪውን ፈልጉ ነው የምለው። በተለይ መሣሪያ፣ ድምፅ ወይ ኮምፖዚሽን ከሆነ በየሳምንቱ አንድ ለአንድ የምትቀመጡት ከአንድ ሰው ጋር ነው፣ እና ካልተግባባችሁ የትምህርት ቤቱ ዝና ምንም አያደርግላችሁም። ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ኢሜይል ጻፉለትና የሙከራ ሌሰን ጠይቁ፣ ኦንላይንም ቢሆን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ነገር ይታያል፣ ዝም ብሎ አስጫውቶ ጎበዝ የሚል አለ፣ አራት ባር ላይ አቁሟችሁ ቀስት አያያዛችሁን የሚያስተካክል አለ፣ እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

መድረክ ላይ መጫወት የሚፈልግ ኮንሰርቫቶሪ (በዋናነት መጫወትን የሚያስተምር የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ይግባ፣ ስለ ሙዚቃ መመራመርና መጻፍ የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ። ዶክትሬትም ላይ ያው ነው፣ አሜሪካ ዲኤምኤ (የሙዚቃ ጥበባት ዶክትሬት) የሚባለው በዋናነት ለተጫዋች፣ ለኮንዳክተርና ለኮምፖዘር ሲሆን ፒኤችዲው ወደ ምርምር ያደላል።

ክፍያ ላይ ጀርመንን አስቀድማለሁ፣ አብዛኞቹ የመንግሥት ሙዚቃ ሆህሹሌዎች (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ተቋማት) ትዩሽን የላቸውም የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው (ባደን ቩርተምበርግ ያሉት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣን ያስከፍላሉ)፣ ዳድም (DAAD፣ የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት) ለሙዚቃ ለብቻው ስኮላርሺፕ አለው። ብዙዎቹ ጀርመንኛ ስለሚጠይቁ ቋንቋውን ከአሁኑ ጀምሩ። አሜሪካ ዬል የሙዚቃ ትምህርት ቤት 2005 ላይ ባገኘው የ100 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ የተነሳ ለሚቀበላቸው ሁሉ ትዩሽን አያስከፍልም፣ ግን የሚያስገባው በጣም ጥቂት ነው። እንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ባብዛኛው 1 ዓመት ነው፣ ለኢትኖሙዚኮሎጂ (ሙዚቃን ከሕዝቡ ባህል ጋር ለሚያጠናው ዘርፍ) ለምሳሌ ለንደን ያለውን ሶአስን (SOAS) እዩት፣ ለመሣሪያ ግን 1 ዓመት ያጥራል ባይ ነኝ።

ለቅድመ ማጣሪያ የምትልኩት ቪዲዮ ላይ ግን አደራ። ስልክ ድምፁን በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው ድምፅ ቀንሳችሁ የተጫወታችሁት ይጎላል ፎርቴው (ጮክ ያለው) ይታፈናል፣ ያ ሁሉ የደከማችሁበት ዳይናሚክስ (የድምፁ ከፍታና ዝቅታ) ጠፋ ማለት ነው። ዙም ኤች4ኤን ዓይነት ሪከርደር ተከራይታችሁም ቢሆን ተጠቀሙ፣ አውቶ ሌቭሉን አጥፉና በጣም ጮክ የሚለውን ቦታ እየተጫወታችሁ መጠኑን በእጅ አስተካክሉ፣ ከዛ ጥቂት እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፊትና እጅ ይታይ፣ አንዱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትቆርጡ ቅረጹ፣ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) አትጨምሩ።

ኮምፖዘሮች፣ ከኖታ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊናሌን አሁን አትጀምሩ፣ 2024 ላይ ድርጅቱ ራሱ ማሳደግ አቁሟል። ሙዝስኮር የሚባለው ነፃ ነው፣ ለፖርትፎሊዮ ይበቃል፣ የሚላከው ፒዲኤፍ ስለሆነ በምን እንደጻፋችሁት ማንም አይጠይቃችሁም። ለትልቅ ኦርኬስትራ የምትጽፉ ከሆነ ዶሪኮ የሚባለው ሶፍትዌር ይሻላችኋል፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ፓርት ማውጣት ላይ በጣም ያግዛል።

አሜሪካ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚዘጉት ዲሴምበር 1 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ሴፕቴምበር ላይ ጠይቁ፣ ቪዲዮውን ደግሞ ኦክቶበር ላይ ጨርሱት።