የአባቴ የጉሮሮ ካንሰር፦ ጨረርና ኬሞ አንድ ላይ?

ጥያቄ፦ የአባቴ የጉሮሮ ካንሰር ደረጃ 4 ደርሷል ተባልን። 35 ጊዜ ጨረር፣ በየ3 ሳምንቱ ደግሞ ሲስፕላቲን የሚባል የኬሞ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ሁለቱን ባንዴ ይችሉታል? ጥርስ ማስነቀል እንኳ የሚፈሩ ሰው ናቸው!

መልስ፦ አይዞህ፣ እኔም አልፌበታለሁ። በድምሩ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ 7 ሳምንት። ኬሞው የካንሰር ሴሎቹ ጨረሩን እንዳይቋቋሙ ያዳክማቸዋል፤ አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ቀልድ መሰሉኝ። ከዚያ ምራቄ እንደ ሙጫ ሆነ፤ ውሃ ስውጥ ምላጭ የዋጥኩ ያህል ነበር። የባሰብኝ ደግሞ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው፤ ማንም አልነገረኝም። ጥርሳቸውን ግን ከጨረሩ በፊት ይታዩ። በኋላ መንቀል የመንጋጋ አጥንት ሊጎዳ ይችላል።

ሌላ መልስ፦ ጆሯቸው ጭው ካለ ቶሎ ይናገሩ፤ ሲስፕላቲን የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል። የመዋጥ ልምምዱንም ከመጀመሪያው ቀን ይያዙ።

ጠያቂ፦ ነገ ጥርስ ሐኪም ጋ ልወስዳቸው ነው። እንዴት እንደምነግራቸው እንጃ!