ብሉዝ ሮክ አልበም፦ የራሳችን ዘፈኖችና ከቨሮቹ አልዋሃድ አሉ

ፒያሳ_ቤዝ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር ላይ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ማሲንቆ ይዘን 9 ዘፈን ልንቀዳ ነው። 5ቱ የራሳችን በትዝታና በባቲ፣ 4ቱ ከቨር ማለትም የሌሎች ሥራ፣ የድሮ የቺካጎ ብሉዝ። በሙከራ ቅጂው ከቨሮቹ የሌላ ባንድ ይመስላሉ። ማሲንቆውም የጊታሩ ዲስቶርሽን (ሻካራው ድምፅ) ሲገባ ድምፁ ይጠፋል። ችግሩ ሚክሱ (የተቀዱት ድምፆች አቀላቀል) ነው ወይስ ቅንብሩ?

ባለ_ክራር፦
ቅንብሩ ነው። ሲ (C) ኖታ ላይ የተቃኘ ሜጀር ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ብሉዝ የሚጠቀምበት የኤ ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖታ ስኬል) ም ያው አምስቱ ናቸው፤ የሚለየው ማረፊያው፣ ማለትም ዜማው የሚያልቅበት ኖታ ብቻ። ጊታሩ ኤ ላይ፣ ድምፃዊው ሲ ላይ ሲያርፍ ዘፈኑ ባለቤት ያጣል። ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) ኤ7 ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው ሲ ሻርፕ ከዜማው ሲ ጋር ይጋጫል። ብሉዝ ላይ ቅመም ነው፣ ትዝታ ላይ ስህተት ይመስላል። በትዝታዎቹ ማረፊያችሁን ሲ አድርጉ፤ ኤ ላይ ስትደርሱ ኤና ኢን ብቻ ምቱ።

ድልድያችሁ ማይነር ባቲ ነው፤ ኖታውም ማረፊያውም ከብሉዙ ፔንታቶኒክ ጋር አንድ ነው። ከከቨሮቹ ቢያንስ 2ቱን ማሲንቆው በዚያ ይምራ።

ምቱንም አትርሱ። ችክችካ 6/8፣ ዝግ ያለ ብሉዝ 12/8፤ ሁለቱም በሦስት በሦስት ይከፈላሉ። ክሊኩ (ስትቀዱ ምት የሚቆጥርላችሁ ድምፅ) ሩብ ኖታ ብቻ ከቆጠረ ድራሙ ሻፍሉን (የብሉዙን የሚወዛወዝ ምት) ያቃናዋል። እያንዳንዱን ምት 3 ከፍላችሁ አስጩሁት።

ሚክስ_ክፍል፦
ባለ ክራር ልክ ነው፣ የማሲንቆው መጥፋት ግን የሚክስም ጉዳይ ነው። ማይኩን ከቆዳው 30 ሳንቲሜትር ያህል አርቁት፤ ሲጠጋ ከዜማው ይልቅ የደጋኑ ፍጭት ይሰማል። ጊታሩን ከ1.5 እስከ 2.5 ኪሎኸርዝ ባለው ቦታ 3 ዲቢ (ዴሲቤል) ቀንሱና ከጊታሩና ከማሲንቆው አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ውሰዱ። የአልበሙን ቅደም ተከተል ተዉትና አንድ ቁልፍ (ማረፊያ ኖታ) ያላቸውን ዘፈኖች ባንድ ቀን ቅዱ። ምክንያቱም የማሲንቆው ክር የፈረስ ጭራ ስለሆነ በተቃኘ ቁጥር እየሳሳ ይንሸራተታል፤ በክረምት እርጥበት ቆዳው ሲላላ ይብሳል።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይተርፋል፣ የራሱ ኃይል የሚፈልግ ኢንተርፌስ (ማይኩንና ጊታሩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው መሣሪያ) ግን ይጠፋል። ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ፒያሳ_ቤዝ፦
አመሰግናለሁ። አንዱን ከቨር በአማርኛ ብንተረጉመውስ?

አዋጅ_አንባቢ፦
ፈቃድ ይጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መተርጎምም የደራሲው መብት ነው፤ ጥበቃው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። የቺካጎ ብሉዝ ደራሲው ዊሊ ዲክሰን ያረፈው በ1992 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሥራዎቹ ገና አልተፈቱም። ሌላው የብሉዝ ደራሲ ሮበርት ጆንሰን በ1938 እ.ኤ.አ. ስለሞተ እዚህ አገር ይቀላል፤ ኢንተርኔት ላይ ስትለቁት ግን የሌላውም አገር ሕግ ይመጣል። ፈቃዱን ከቀረጻው በፊት ጠይቁ፤ ካልተገኘ ያንን ዘፈን በሌላ ተኩት።