«ሞዞ»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ብይ»፦ የሳይክል ጎማ መሀል ያለውን ምን እንበለው?

ቃል ፈላጊ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የሳይክል ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የጎማው መሀል ያለውን፣ አክሰሉ የሚያልፍበትንና ሽቦዎቹ የሚሰኩበትን አካል «እምብርት» አልኩት። አርታኢዬ «ማን እንዲህ ይላል?» አለችኝ። ጽሑፉ ደግሞ አንባቢው ከዓይነቶቹ አንዱን እንዲመርጥ የሚረዳ ነው። እኔ ግን ለዓይነቶቹም ስም አጣሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

የባሕር ዳሩ፦ ወንድሜ፣ አርታኢህ እውነቷን ነው። ሞዞ በለው። ሞዞ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እንደነ ቸርኬ፣ እንደነ ፍሬን፣ እንደነ ዳዶ። ከዚያው የመጡ አንዳንድ ቃላት እኛ ጋ ሥራ ቀይረዋል። ካቴና በጣሊያንኛ ሰንሰለት ነው፤ እዚህ ግን እስረኛ እጅ ላይ ገባ። የራጅ መነሻ የጎማ ሽቦም፣ የብርሃን ጨረርም ማለት ነው፤ እኛ ለሐኪም ቤት ሰጠነው። የራሳችን መንኮራኩርማ ምድሩን ለቆ ጠፈር ወጣ። ሞዞ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ችግሩ ያለው ዓይነቶቹ ላይ ነው። ሰው ሁሉንም «ኩሽኔታ» ይላል። «ኩሽኔታው ሄዷል፣ ቀይርልኝ» ይላል። ብዙ ሳይክል ውስጥ ግን ያለው ልቅ የብረት ብይ ነው። በተለምዶ የኋላው በየጎኑ 9 ብይ አለው፣ የፊተኛው 10፤ የፊቶቹ አነስ ይላሉ። ብዮቹ በሞዞው ጽዋና በአክሰሉ ሾጣጣ መሀል ይሽከረከራሉ። ሌላው ዓይነት ላይ ኩሽኔታው ከነብዩ ታሽጎ ነው የሚገባው። ስለዚህ እኔ «ባለ ብይ ሞዞ» እና «ባለ ኩሽኔታ ሞዞ» ብዬ እለያቸዋለሁ። አንባቢ ሳይደናገር ይገባዋል፣ ዕቃ ሻጩም እንደዚሁ።

ለመምረጥ ከሆነ፣ ለእኛ አገር መንገድ እኔ ባለ ብዩን እመርጣለሁ። ሁለት ስስ ቁልፍ ካለህ ራስህ ትፈታዋለህ። በቤንዚን ታጥባለህ፣ አዲስ ግራሶ ትሞላለህ፣ ብዮቹን ትቀይራለህ፣ መልሰህ ታስራለህ። ቸርኬውን ይዘህ ግራና ቀኝ ወዝውዘው። ኳ ኳ ካለ ሾጣጣው ላልቷል። አክሰሉን በጣትህ ስታዞረው አሸዋ አሸዋ ካለህ ደግሞ አጥብቀኸዋል ወይ ቆሻሻ ገብቷል።

ሳይክል ነጂዋ፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ያልከው ሁሉ የሚሠራው ለሚፈታው ሰው ነው። ብዙዎቻችን ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ነድተን አንድም ቀን አንከፍተውም። ውሃ ገብቶ ግራሶው ሲያልቅ ጽዋው ይቦረቦራል። ጽዋው የሞዞው አካል ስለሆነ ብይ ብትቀይር ዋጋ የለውም፤ ሞዞው ራሱ ነው የሚጣለው። ኩሽኔታ ግን ሲያልቅ ተመቶ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ሞዞው ይቀጥላል።

የባሕር ዳሩ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ጽዋው ከተበላ አበቃ። የኔ ሥጋት አዲሱ ኩሽኔታ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ቁጥሩ መግጠም አለበት። ለምሳሌ 6902 ውስጡ 15፣ ውጩ 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ሚሊ ብታልፊ አይገባም። ስታስገቢም የውጩን ቀለበት ትተሽ የውስጡን ከመታሽ ብዮቹ ይጎዳሉ። ብይና ግራሶ ግን የትም አይጠፋም።

ሳይክል ነጂዋ፦ እሱስ እውነት ነው። እንግዲያው ጽሑፉ ላይ ይህን ጨምርበት፦ ባለ ኩሽኔታ የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ከክዳኑ ላይ አንብቦ ይጻፍ፣ መለዋወጫውን ቀድሞ ይፈልግ።

አንድ አዛውንት፦ ልጆች፣ ማርሹ እዚያው ሞዞው ውስጥ የተቀበረበትም እንዳለ አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1902 የተቋቋመው የእንግሊዙ ስተርሚ አርቸር በባለ ሦስት ማርሽ ሞዞው ነው የታወቀው። ቆመህም ማርሽ ትቀይራለህ፤ የትራፊክ መብራት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማርሽ ራሱ በቋንቋችን ምን ያህል እንደተዋጠ ደግሞ እዩ። ምሩጽ ይፍጠርን «ማርሽ ቀያሪው» ስንለው ሳይክል ትዝ ያለው የለም። እ.ኤ.አ. በ1980ው የሞስኮ ኦሎምፒክ የአምስት ሺህና የአሥር ሺህ ሜትር ወርቁን ሲወስድ ያየ ሁሉ ግን ቃሉ ገብቶታል።

ቃል ፈላጊ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በ«ባለ ብይ» እና «ባለ ኩሽኔታ» ልሂድ። አንድ ቀረኝ፤ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የኋላ ጥርሶች፣ «ፍሪዊል» እና «ካሴት» የሚባሉትስ?

የባሕር ዳሩ፦ እነሱን እንዳሉ ተዋቸው፣ ልዩነቱን ግን በግልጽ ጻፍ። ፍሪዊል እንደ ጠርሙስ ክዳን ሞዞው ላይ የሚጠመዘዝ ነው፤ ጥርሱና ጠጠጠ የሚለው ክፍል አንድ ላይ ናቸው። ካሴት ላይ ጠጠጠ የሚለው ክፍል ከሞዞው ጋር ነው፣ ጥርሱ ብቻውን ይሰካል። ፍሪዊል ላይ የቀኙ ብይ ከአክሰሉ ጫፍ ርቆ ወደ ውስጥ ይገባል። ከባድ ዕቃ ከጫንክ አክሰሉ በዚያ በኩል ይጎብጣል፣ ይሰበራልም። ጤፍ ወይም ሲሚንቶ ለሚጭን ሰው ስለ ሞዞ ስትጽፍ ይህችን አትዝለላት።