የጃቶባ ወለል ከመነጠፉ በፊት

ጥያቄ፦ ለሳሎናችን ወለል የብራዚል ቼሪ የሚባለውን የጃቶባ እንጨት ልንገዛ ነው። ቀለሙ ይለወጣል ይባላል፤ እውነት ነው? ሌላስ ምን እንጠንቀቅ?

መልስ 1፦ አዎ፣ በጣም። አዲሱ ጣውላ ፈካ ያለ ቡናማ ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው በጥቂት ወራት ወደ ጥልቅ ቀይ ይጠቁራል። ምንጣፍ የሸፈነው ቦታ ግን ፈዝዞ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ምንጣፍ ባታደርጉ፣ ሶፋውንም ቦታ ብትቀያይሩ ይሻላል።

መልስ 2፦ ጥንካሬው በጃንካ መለኪያ (ትንሽ የብረት ኳስ እንጨቱ ውስጥ ግማሽ ድረስ ለማስገባት የሚያስፈልገው ኃይል) 2350 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ለወለል የተለመደው የቀይ ኦክ እንጨት ግን 1290። ስለዚህ በእጅ ሚስማር ስትመቱ አስቀድማችሁ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፤ አለዚያ የጣውላው ምላስ (በቀጣዩ ጣውላ ቦይ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ጠርዝ) ይሰነጠቃል።

መልስ 3፦ የእንጨቱን እርጥበት ሳትለኩ እንዳትጀምሩ! ሰፊ ጣውላ ከሆነ ጣውላው ከሚነጠፍበት ከሥረኛው የእንጨት ወለል ጋር ያለው የእርጥበት ልዩነት ከ2 በመቶ አይብለጥ። በግድግዳው ዙሪያም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ካጣ ወለሉ ይነሳል።